የትርንጎ እርምጃ

ጠጋ በሉ ልጆቼ። ድሮ ነው፤ የአያቴ አያት ገና ጡት ሳትጥል። ጭልፊት አፋፍ በሚባል መንደር ትርንጎ የምትባል ድኃ መበለት ነበረች። ውኃው ያለው ከገደሉ ሥር ነው፤ ሴቱ ሁሉ በእንስራ ያወጣዋል። ትርንጎ ግን ትንሽዬ እንስራ አዝላ፣ በትር ተደግፋ፣ እያረፈች ነበር የምትወጣው።

በዚያው መንደር ማንጠግቦሽ ነበረች። የሷን ያህል እንስራ የሚሸከም አልነበረም። "ጉልበት አይንሳሽ" ይሏታል። ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር።

አንድ ክረምት የማንጠግቦሽ አማት ጉልበታቸውን ታመሙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተንበርክከው ሲፈጩ የኖሩ ናቸው። ማንጠግቦሽ በቅቤ አሸቻቸው፤ አልተሻላቸውም። ትርንጎ መጣች። ጨው በጨርቅ ቋጥራ አሞቀችና ጉልበታቸው ላይ አኖረችላቸው።

"እማማ፣ ወፍጮውን ከፍ ያለ መደብ ላይ ያስደርጉት፤ ቆመው ይፍጩ። ደግሞ ተኝተው አይዋሉ። ሜዳ ሜዳውን ትንሽ ትንሽ ይራመዱ" አለቻቸው።

እንዳለቻቸው አደረጉ፤ ተሻላቸው። "ልጄ ትርንጎ" ማለት ጀመሩ። ማንጠግቦሽን አንድ ቀን "ልጄ" ብለዋት አያውቁም። በትርንጎ ቀናች።

ክረምቱ ወጣ። ባሏ ከበቅሎ ወደቀ። ጉልበቱ አበጠ፣ ጋለ። ማንጠግቦሽ ልታሸው ስትቀርብ አማቷ ትርንጎን ጠሩባት።

"የጋለ እብጠት አይታሽም" አለች ትርንጎ። በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ጣል አደረገችበት፤ እግሩን ከፍ አድርጋ አስተኛችው። እብጠቱ ሲጎድል ባልየው "እጇ መድኃኒት ነው" አለ። በሚስቱ ፊት አለ። ማንጠግቦሽ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

በማግሥቱ ጋን የሚያህል እንስራ አዝላ ወረደች። ጉልበቷን ሲቆረጥማት ከርሟል፤ ለማንም አልተናገረችም። ውኃውን ሞልታ ስትመለስ ትርንጎን ዳገቱ ላይ አርፋ አገኘቻት። ዞር ብላ ሳታያት አለፈቻት። ጥቂት እንደሄደች ጉልበቷ ከዳት፤ ወደቀች፤ እንስራው ተሰበረ።

ትርንጎ እያነከሰች ደረሰች።

"እንግዲህ ደስ ይበልሽ" አለቻት ማንጠግቦሽ።

ትርንጎ አጠገቧ ተቀመጠች። መቀነቷን ፈትታ ጉልበቷን አሰረችላት።

"እኔም ቀንቼብሽ ነበር" አለች። "ሙሽራ ሆኜ እዚህ ስመጣ፣ ካንቺ እኩል ልሸከም ብዬ ነው ይህ ጉልበቴ የተበላሸው። እስካሁንም ስትወጪ ሳይሽ ያቃጥለኛል።"

ማንጠግቦሽ የትርንጎን በትር ተደግፋ፣ ሁለቱም በትርንጎ እርምጃ ወጡ። ከዚያ ወዲያ እሷም በትንሽ እንስራ ትመላለስ ጀመር።

ትርንጎ ቀድማ ሞተች። ዛሬም በዚያ አገር ሸክም ይዞ የሚነሣ ሰው "በትርንጎ እርምጃ ያድርግልህ" ተብሎ ይመረቃል። ብርቱው ደካማውን ዳገት ላይ ጥሎ አይወጣም። ማንጠግቦሽ አርጅታ ደጃፏ ላይ ስትቀመጥ፣ ይህን ምርቃት በሰማች ቁጥር ፊቷ ይጠቁር ነበር ይላሉ። ስሙን ትርንጎ ወሰደችዋ። ግን ምርቃቱን ያስጀመረችው ማን መሰላችሁ? እሷው ማንጠግቦሽ ናት።