ለሕያው የተነፋ ጥሩምባ

ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ መንደራችን ጥቁር ሾላ ስሟ ከወንዙ ወዲያ በማይታወቅበት፣ አውቶቡስ ማለት ለእኛ ከማዶ የሚነሳ አቧራ ብቻ በነበረበት ዘመን።

በዚያ ዘመን አያ ይመር የሚባል ሰው ነበረ። መሬቱ ጠባብ ነበር፤ በሬው አንድ ነበር፤ ድምፁ ቀጭን ነበር። ሸንጎ ላይ ሲናገር የሚያደምጠው አልነበረም። ሥራው የቅሬ፣ የመቀባበሪያ እድራችንን ማለት ነው፣ ጥሩምባ መንፋት ነበር። ሰው ሲሞት ማለዳ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ይነፋል። በጥቁር ሾላ የእስላሙም የክርስቲያኑም ቅሬ አንድ ነበርና ሁሉም ዶማና አካፋውን ይዞ ለቀብር ይወጣል። በአፉ ሲናገር የማይሰማው አገር፣ በጥሩምባ ሲጠራው አንድም አይቀርም ነበር።

አንድ ክረምት መውጫው ላይ የሙሄ ሚስት ሐዋ ምጥ ጠናባት። ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመዋት፣ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት አውቶቡስ ፍለጋ ወደ ዋናው መንገድ ሄዱ። ዳገቱን ወጡ፤ ቁልቁለቱን ወረዱ፤ ጭቃው ያዛቸው። ሐዋ መንገድ ላይ ቀረች። አያ ይመር እንዲነፋ ተነገረውና ነፋ።  አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ጦይባ ትባላለች፤ ያን ሰሞን የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳለች። የእሷንም የምነፋው እኔው ነኝ ማለት ነው ብሎ አሰበ። 

ዋናው መንገድ ድረስ ሄደና ክንፈ የሚባለውን የአውቶቡስ ሹፌር ለመነው። ክንፈ ክፉ ሰው አልነበረም። መንገድ ካወጣችሁ እመጣለሁ፤ ገደል መዝለል ግን አልችልም አለው። አያ ይመር ይህን ይዞ ሸንጎ ገባ። እንደ ልማዱ ማንም አላደመጠውም። መንገድ የመንግሥት ሥራ ነው አሉት። አዝመራችን ደርሷል፣ ለወሬ ጊዜ የለንም አሉት።

ታዲያ አያ ይመር ምን ያደርግ መሰላችሁ? አንድ ማለዳ፣ ማንም ሳይሞት፣ የሞት ጥሩምባውን ነፋ። አገሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ወንዶቹ ዶማቸውን ተሸክመዋል። አያ ይመር ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ማን ነው የሞተው ሲሉት ማንም አልሞተም አለ፤ ዶማውን ግን ይዛችሁ መጥታችኋልና እዚህ ጋ ቆፍሩልኝ አለ።

ጉድ ፈላ። የቅሬው ዳኛ አያ ደርበው በሞት ይቀለዳል ወይ ብለው ጥሩምባውን ከእጁ ነጠቁት። ከቅሬ ይሰረዝ ያሉም ነበሩ። ከቅሬ መሰረዝ ማለት ሲሞቱ ቀባሪ ማጣት ማለት ነው፤ በእኛ አገር ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም።  ያን ጊዜ ሙሄ፣ ሚስቱን የቀበረው ሙሄ፣ ከሰው መሀል ወጣ።

«ለሐዋ ሁላችሁም መጥታችኋል፤ አላህ ይስጣችሁ» አለ። «ጥሩምባው የተነፋላት ግን ከሞተች በኋላ ነው። ይሄ ሰው ዛሬ ቀደም ብሎ ነፋ። ጥፋቱ ይሄ ከሆነ እኔንም አብራችሁ ሰርዙኝ።»

ይህን ብሎ ዶማውን አነሳና ገደሉን መናድ ጀመረ። ጎረቤቱ ተከተለው፤ የጎረቤቱም ወንድም ተከተለው።  አያ ደርበውም ጥሩምባውን ለአያ ይመር መለሱለት፤ ጋቢያቸውን አውልቀው ድንጋይ መሸከም ያዙ። ሴቶቹም ነጠላቸውን አቃኑና አፈሩን በቅርጫት ያግዙ ጀመር።

በጋው እስኪጋመስ ቆፈሩ። መንገዱ መንደሯ አጠገብ ሲደርስ ሌላ ፈተና መጣ። የላይ ሰፈር ሰዎች አውቶቡሱ ወደ እኛ ይውጣ አሉ። የታች ሰፈር ሰዎች ወደ እኛ ይውረድ አሉ። ሰው አይደለን? ሁሉም አውቶቡሱ በደጁ እንዲቆም ይፈልጋል፤ በእርሻው ግን እንዲያልፍ አይፈልግም። ሥራው ቆመ። ወንድማማቾች ሰላምታ ተነፋፈጉ። ጦይባ ደግሞ ሆዷ እየገፋ ነበር።

አያ ይመር በሁለቱ ሰፈር መሀል አንዲት ሽምብራ የሚዘራባት ቁራሽ ማሳ ነበረችው። ከዚያች የተሻለ መሬት አልነበረውም። ሽምብራውን ገና እሸት ሳለ ነቀለና ለሁለቱም ሰፈር ልጆች አደለው። አውቶቡሱ እዚህ ይቁም፣ እዚሁም ይዙር አለ። ዘመዶቹ አበድክ አሉት። እሱ ግን መሬቱን በእግሩ እየረገጠ ይደለድል ነበር። የላይ ሰፈሮች አይተው አፈሩ፤ የታች ሰፈሮችም አፈሩ። በነጋታው ሁለቱም ዶማቸውን ይዘው ወጡ።

አውቶቡሱ የመጣ ቀን ያልዘለለ ሰው አልነበረም። እልልታው ወንዝ ተሻገረ። ግን ልማድ ክፉ ነው፤ ሦስተኛውም ፈተና ይሄው ነበር። ገበያ ሲደርስ ሰው ሁሉ በእግሩ መሄድ ቀጠለ። እግር እያለኝ ለምን እሳፈራለሁ ይላል አንዱ። ታዲያ አህያዬ ምን ልትሠራ ነው ይላል ሌላው። ክንፈ ባዶ አውቶቡሱን እየነዳ ተመለሰ። ለአያ ይመር በሚቀጥለው ገበያ አንድ ጊዜ እሞክራለሁ፤ ሰው ካጣሁ ግን በዚያው ቀረሁ አለው።

አያ ይመር ይህን ጊዜ ጥሩምባ አልነፋም። የቅሬው ሰው ወደተሰበሰበበት ገባና በዚያች ቀጭን ድምፁ ተናገረ።

«ቃሬዛ ስንሸከም ተራ ነበረን። ትከሻዬን አመመኝ ብሎ የቀረ የለም። አሁን የምለምናችሁ ተራችሁን ተቀምጣችሁ እንድትወጡ ነው።»

ያን ቀን ግን ሁሉም አደመጠው። አያ ደርበው ዞር ብለው በሉ ተራውን እናውጣ አሉ። እንደ ቃሬዛው ሁሉ፣ በየገበያው ከየቤቱ ተራ የደረሰው እንዲሳፈር ተወሰነ። በሚቀጥለው ገበያ አውቶቡሱ ዶሮውንም ሙክቱንም ጭኖ፣ መተንፈሻ እስኪጠፋ ሞልቶ ሄደ። ከጀርባው ሸክም ወርዶለት የማያውቅ ሰው ቁጭ ብሎ ሲሄድ ጊዜ ጣፈጠው፤ ተራው ያልደረሰም ሁሉ መሳፈር ጀመረ። ክንፈም በየቀኑ ይመላለስ ገባ። መሽቶበት መንደራችን ሲያድርም ደስ እያለው ያድር ነበር።

ግንቦት ላይ ጦይባ ምጥ ያዛት። ልጁም ተጋድሞ አልወጣ አለ። ክንፈ ሐኪም ቤት ሊያደርሳት አውቶቡሱን አስነሳ፤ ሴቶቹ ደግፈው አስገቧት፤ አያ ይመር ኮረብታው ላይ ቀረ። መሄድ አቃተው፤ ፈራ። ጥሩምባው ጭኑ ላይ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አውቶቡሱ ከወንዙ ማዶ ብቅ አለ። ከመስኮቱ እልልታ ይሰማል። ጦይባ በእግሯ ወረደችና ከኮረብታው ሮጦ በወረደው አባቷ እቅፍ ላይ ወንድ ልጅ አስቀመጠች። አያ ይመር እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ አገሩም አብሮት አለቀሰ፤ ከዚያ እስኪደክማቸው ጨፈሩ።

ይኸውላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ በጥቁር ሾላ አንድ ሥርዓት አለ። አዲስ ጥሩምባ ነፊ ሲመረጥ ወዲያው ለሞተ ሰው እንዲነፋ አይፈቀድለትም። መጀመሪያ ማንም ሳይሞት ይነፋል፤ አገሩ ዶማውን ይዞ ይወጣል፤ ክረምት የበላውን መንገድ ይጠግናል። ያን ቀን ነጠላዋን የምታዘቀዝቅ ሴት የለችም። ሥራው ሲያልቅ ዳኛው ጥሩምባ ነፊውን «የአያ ይመርን ነፍተሃል፤ አሁን ለሞተውም ንፋ» ይለዋል።