ይታየው ወደ ወፍጮ ቤት የላካቸው ሽማግሌዎች

እኛ አገር ሥራ ፈልጎ በሰው አፍ የሚያስለምን ሰው ሲገኝ አንዲት አባባል ጣል ይደረግበታል። አባባሏን የማያውቅ የለም። ይታየውን ግን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። እኔ ጎረቤቱ ስለነበርኩ ልንገራችሁ።

ይታየው የደነዘ የወፍጮ ድንጋይ ወቅሮ መሳል ከአባቱ የተማረ፣ በሙያው የማይታማ ሰው ነበር። ሰው ፊት መናገር ግን ሞቱ ነው። የአቶ ደምለውን ልጅ ትሁኔን ወዶ ሽማግሌ ቢልክ አባትየው እንዲህ አሉ፦ «እስከ ፋሲካ ቋሚ ሥራ ከያዘ ልጄን እሰጠዋለሁ። ካልያዘ ለሌላ ጠያቂ ደጄ ክፍት ነው።»

በዚያው ሰሞን የወይዘሮ ዘርትሁን ወፍጮ ቤት ሠራተኛው ለቆ ሄደ። ታዲያ ይታየው ይህን ሲሰማ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እነዚያኑ ሽማግሌዎች ላካቸው! ራሱም እንደ ወጉ ከአጥር ውጭ ቆሞ ቀረ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ተደረደሩ።

«ግቡ እንጂ አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አንደበተ ርቱዑ አቶ ወንድይራድ። «የመጣነው ልጃችንን ልጅ ያድርጉልን ለማለት ነው።»

ሴትዮዋ እሳቸውን ለጋብቻ የጠየቁ መስሏቸው ክው አሉ። «በስመ አብ! ባሌን ከቀበርኩ ገና መንፈቄ ነው! ደግሞስ በዚህ ዕድሜዬ?»

«የለም፣ የለም፣ ለሥራ ነው!» አሉ አቶ ወንድይራድ ደንገጥ ብለው። ከዚያ የይታየውን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ፤ ጨዋነቱን፣ ጾም ጸሎቱን አወሩ። እህል ሊያስፈጭ የመጣው ሁሉ ሥራውን ትቶ አዳመጣቸው።

«ጥሩ ዘር ነው፤ እኔ ግን ላገባው አይደለም» አሉ ወይዘሮ ዘርትሁን። «ዱቄቱ እየሻከረ ደንበኛዬ ሁሉ ሊሸሸኝ ነው። ድንጋዩ ደንዞ ነው ወይስ ሁለቱ ድንጋዮች ተራርቀው? ልጃችሁ በምን ይለየዋል?»

አቶ ወንድይራድ ቀኝም ግራም አዩ።

«እሱማ... ያውቀዋል» አሉ።

ይታየው ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። መልሱ ምላሱ ላይ ነው። ግን ሽማግሌ ልኮ ራሱ ዘው ማለት ነውር መሰለውና ከቆመበት ሳይነቃነቅ ቀረ። ሞኝ!

ገብሱን ይዞ ተራ የሚጠብቅ ሙሉዓለም የሚባል ሰው ግን ብድግ ብሎ ከዱቄቱ ዘገነ።

«ይሞቃል እኮ እትዬ። ድንጋዮቹ ተራርቀው ቢሆን ዱቄቱ ቀዝቃዛ ነበር። ድንጋዩ ደንዟል፤ መዶሻ ይስጡኝ።»

ሰጡት፤ ድንጋዩን ወቀረው። ሲመሽ ዱቄቱ ላመ፤ ሙሉዓለምም በዚያው ሥራ ያዘ።

ፋሲካ አለፈ። ሙሉዓለም በተራው ለትሁኔ ሽማግሌ ላከ። ማንን ቢልክ ጥሩ ነው? አቶ ወንድይራድን! እሳቸውም ያንኑ ሰባት ቤት ቆጠራ፣ ያንኑ ጨዋነት አወሩ። አቶ ደምለው «ሥራ አለው?» ብለው ጠየቁ። «አለው» ተባሉ። ለይታየው የሰጡት ቀጠሮ አልፏልና «ይሁን» አሉ። ትሁኔ ሁለት ቀን አለቀሰች ይባላል፤ በሦስተኛው ቀን ግን እሷም እሺ አለች።

ይታየው ወሬው ሲደርሰው እንባው እየወረደ አቶ ወንድይራድ ቤት ሄደ።

«አባቴ፣ ለእኔ አንዲት ሥራ መለመን ያቃተዎት ሰው፣ ለእሱ ሚስት እንዴት አገኙለት?»

ሽማግሌውን አሳዘናቸው። አጠገባቸው አስቀምጠው ትከሻውን ያዙት።

«አፌ ያው አፌ ነው ልጄ፤ ለሁለታችሁም አላሳነስኩም። እሱ ግን ወፍጮ ቤቱ ሲገባ እኔን አልላከኝም። ለትዳር ሽማግሌ፣ ለእንጀራ የገዛ እግር።»