ድምፅ የሌላት መኪና

መጋቢት አሥራ አራት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ አንዲት ሴት በአንድ የመኪና መሸጫ ግቢ ውስጥ ቆማ ነበር። በፊቷ ያገለገለች ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና፣ በእጇ ደግሞ እስክሪብቶ ነበረ።

ይህች ሴት ልብስ ሰፊ ነበረች። ወገቧ አልታዘዝ ቢላት ስፌቱን ትታ፣ ዕቃዋን ሁሉ ሸጣ፣ የሰፈሯን ተማሪዎች እያመላለሰች ልጆቿን ልታሳድግ ወሰነች። መኪናዋ ብትከዳት የምትመለስበት ሥራ የላትም። ይህን ያዙልኝ።

ሻጩስ ማን ነበር? እንግዳ ሰው አልነበረም። ወንድም ታምራት ይባላል፤ በአንድ ጉባኤ አብሯት የሚያመልክ፣ መዘምራንን የሚመራ ሰው ነው።

እንደ ልማዳችን ብቻዋን አልመጣችም። ለውሉ ምስክር የሚሆኗትን ጎረቤቷን እትዬ ወይንሸትን፣ መኪናዋን የሚያዩላትን ጋሽ ደግፌን አስከትላለች። ጋሽ ደግፌ አርባ ዓመት ሙሉ የናፍጣ ሞተር በጆሯቸው ሲመረምሩ የኖሩ መካኒክ ናቸው። ጎማዋን በእግራቸው መታ መታ አደረጉ። "እስቲ አስነሳት" አሉ። ወንድም ታምራት አስነሳት። ጋሽ ደግፌ ኮፈኑን አስከፍተው ጎንበስ አሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ደገኑ፤ ቆዩ።

"ምንም አይሰማም" አሉ በመጨረሻ። "ጤነኛ ናት። እንዲህ ጸጥ ያለ ሞተር በዕድሜዬ አልገጠመኝም።"

"ከባለቤቴ ትሻላለች ጋሼ፤ ይቺ አትጨቀጭቅም" አለ ወንድም ታምራት። ሳቁ።

ሴትዮዋ አልሳቀችም። አስቀድማ ጠይቃ ነበርና፣ የእንዲህ ያለች መኪና ነፍሷ ባትሪዋ እንደሆነ ታውቃለች። ባትሪ ሲደክም አይጮኽም። ድካሙን የሚያሳየው መመርመሪያ መሣሪያ ነው።

"ወንድም ታምራት፣ ባትሪዋ ይመርመርልኝ። ባለሙያው ከመንገዱ ማዶ አለ።"

"እኅቴ፣ በወንድምና በእኅት መካከል ደግሞ ምርመራ? አታምኚኝም ማለት ነው?"

"አንተን አምንሃለሁ። ባትሪውን ግን አላውቀውም።"

እትዬ ወይንሸት ክንዷን ቆንጠጥ አደረጓት። "አንቺ ልጅ፣ ሰውየውን አታሳፍሪው። ፈርሚና እንሂድ፤ ፀሐዩ በረታ።"

"እፈርማለሁ እትዬ። ይመርመርና እፈርማለሁ።"

ሦስት ጊዜ ለመነችው። በሦስተኛው ወንድም ታምራት ስልኩን አውጥቶ መነካካት ጀመረ። እርሷም እስክሪብቶውን ውሉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። በማግሥቱ በጉባኤዋ ደጃፍ "እምነት የጎደላት" ተባለች።

ባትሪው ሞቶ ነበርን? ሞቶ ነበር እንድላችሁ እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። አላውቅም። እርሷም አታውቅም። ምናልባት ደኅና ነበር። ደኅና ቢሆን እንኳ፣ ያች ሴት በመጠየቋ አልተሳሳተችም። የልጆቿን እንጀራ የምታስርበትን ነገር ከፍታ ማየት የሚገባት ጥፋት ካገኘች ብቻ ነው ያለው ማን ነው?

ወገኖቼ፣ ጆሯችንን ደግነን "ምንም አይሰማም" ያልን ስንቶች ነን? ሚስታችሁ ዝም ስላለች ቤታችሁ ጤነኛ ነው አላችሁ። የቤት ሠራተኛችሁ ስላልተናገረች ደስተኛ ናት አላችሁ። ወጣቶቹ መጠየቅ ስላቆሙ ጉባኤው ሰላም ነው አላችሁ። ዝምታን ጤና ነው ብሎ ያስተማራችሁ ማን ነው?

"አታምኚኝም?" እያላችሁ የስንቷን አፍ ዘጋችሁ? እምነት የምትሉት ይህን ከሆነ፣ እኔ አልቀበለውም። ደግሜ እላለሁ፤ አልቀበለውም። እግዚአብሔር ሁሉን እያወቀ እንኳ ልባችንን ይመረምራል። ይህ እኛን መናቅ ነውን? የሚወደውን ነው የሚመረምረው። ታዲያ እናንተ "ለምን ጠየቃችሁኝ" ብላችሁ የምትቆጡ፣ ከማን ትበልጣላችሁ?

በዚህ መድረክ ለመቆም ዕድሜዬ እንዳልደረሰ የምታስቡ አላችሁ። ይሁን፤ አስቡ። እኔ ግን ሳልለምናችሁ አልወርድም። ከፊተኛው ከሽማግሌዎች ወንበር ጀምሮ፣ "በቤቴም በአገልግሎቴም የከበዳችሁን ጠይቁኝ፤ አልቆጣም" የሚል አንድ ሰው በቤተሰቡ ፊት ይነሳ።

አንድ ሰው ብቻ።

እጠብቃለሁ።