ዳንቴል የለበሰው ስክሪን

አንድ ሰው ነበረ። አንተ በሩ ላይ አትቁም፣ ግባና በርጩማውን ሳብ። የሙያ ማሻሻያ ቅጽህን ጠረጴዛው ላይ ጣለው፣ አይጠፋም። መብራት እስኪመጣ ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም ሥራ ፈት ናቸው፤ እኔም እንደነሱ።

«ሌሎቹ አስተማሪዎች ምን ብለው ሞሉ? ከእነሱ አንሼ እንዳልታይ» ነው ያልከኝ አይደል? የሰው ቅጽ አላሳይም። ግማሹ ትምህርት ቤት ሪፖርቱን የሚያስጽፈው እዚህ ነው፤ አፌ ከተከፈተ ነገ ቤቴ ይዘጋል። ስለ አንድ ሰው ግን ልነግርህ እችላለሁ። ራሱ አሁን አንተ የተቀመጥክባት በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ነው የነገረኝ። «ለሚጠይቅህ ንገር» ብሎኛል።

አንድ ሰው ነበረ። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ያስተምራል። ሰነፍ አልነበረም፤ ይኼን አስቀድሜ ልበልልህ። ጠዋት ከዘበኛው ቀድሞ ይደርሳል፣ ጫማው እንደተወለወለ ይመለሳል። አንዲት ምኞት ነበረችው፤ ሞዴል መምህር ተብሎ መመረጥ። ሞዴል የተባለ ሰው በወረዳው ያሉትን ትምህርት ቤቶች እየዞረ ሌሎቹን ያሠለጥናል። ይችን ነገር ስድስት ዓመት ጠበቃት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው በተጠራ ቁጥር ተነስቶ አጨበጨበ። መዳፉን ያቃጥለው ነበር ብሎኛል።

ታዲያ አንድ ዓመት ለትምህርት ቤቱ ሁለት ትልልቅ ስክሪኖች መጡ። ፊልም የሚያሳዩ፣ በጣት ሲነኳቸው የሚታዘዙ። አንዱ ለሱ ክፍል ደረሰ። ሁለተኛው ከግድግዳው ማዶ፣ ለእትዬ ሰፊነሽ ክፍል። እትዬ ሰፊነሽም የሚያስተምሩት ሳይንስ ነው፤ ጡረታቸው የደረሰ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠመኔ ከእጃቸው ያልተለየ ሴትዮ ናቸው።

ሰውዬው ስክሪኑን በፊርማ ተረከበ። የመንግሥት ዕቃ በፊርማ ተረከብክ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወደፊት ታየዋለህ፤ ቢሰነጠቅ ተጠያቂው አንተ ነህ። ስለዚህ ከፋብሪካ ተለጥፎበት የመጣውን ስስ ላስቲክ እንኳ አላነሳለትም። ሚስቱ ደግሞ የቤታቸውን ቴሌቪዥን እንደምታለብሰው፣ ለዚህኛውም ጫፉ ላይ አበባ ያለው ነጭ ዳንቴል ሠራችለት። ዳንቴሉን የሚያወርዱና የሚያጥፉ ሁለት ተማሪዎች በየሳምንቱ ይመደባሉ። አስቀድመው እጃቸውን ይታጠባሉ። ስክሪኑን ግን ከሱ በቀር የሚነካ የለም።

ያን ዓመት የሙያ ማሻሻያ ዕቅዱ ላይ «በሳምንት አራት ጊዜ በቴክኖሎጂ የታገዘ ትምህርት መስጠት» ብሎ ጻፈ። እንዳለውም አደረገ። ዳንቴሉ ይወርዳል፣ ማሽኑ ይበራል፣ ፊልሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል፣ ይጠፋል፣ ዳንቴሉን ይለብሳል። እሱ ከኋላ ቁጭ ብሎ ቅጹ ላይ ራይት ያደርጋል። በሳምንት አራት ራይት። አንድም አልጎደለችም። መቶ በመቶ።

እትዬ ሰፊነሽ ፍላሽ በየት በኩል እንደሚሰካ አያውቁም ነበር። የመጀመሪያ ቀን ፍላሹን እንደያዙ ክፍሉ መሀል ቆሙና «ልጆች፣ ይኼን ነገር የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ እስቲ አሳዩኝ» አሉ። ወሬው ሰውዬው ጋ ሲደርስ ሳቀ። «ተማሪ የሚያስተምራት አስተማሪ» እያለ ላገኘው ሁሉ ነገረ። ሳምንቱን ሙሉ ምሳው ተስማማው።

ችግሩ ግድግዳው ነበር። ስስ ነው። የእትዬ ሰፊነሽ ፊልም ሲጀምር ይሰማል። በየሁለት ደቂቃው ግን ድምፁ ቀጥ ይላል። መጀመሪያ ሲሰማ «ተበላሸባት» ብሎ በሆዱ እልል አለ። ትንሽ ቆይቶ የአንድ ልጅ ድምፅ መጣ። ሌላ ልጅ «አይደለም፣ አይደለም» አለው። ክፍሉ ንብ እንደገባበት መንጫጫት ጀመረ። ከዚያ ፊልሙ ቀጠለ፤ ወዲያው ጎል እንደገባ የኳስ ሜዳ ጩኸት። ሰውዬው ነገሩ የገባው በሦስተኛው ቀን ነው። ለካ ማሽኑ አልተበላሸም፤ ሴትዮዋ ራሳቸው እያቆሙ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» እያሉ ነው የሚያጫርቱት።

እዚህ ያሉት የሱ ልጆች ዓይናቸው የሱ ስክሪን ላይ ነው፤ ጆሯቸው ማዶ። ማዶ ሲሳቅ እነሱም ይስቃሉ፤ በምን እንደሆነ ሳያውቁ። በእረፍት ሰዓት ደግሞ በእትዬ ሰፊነሽ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው ያገኛቸዋል። «ሚስቴን በሌላ ሰው መስኮት ላይ ያገኘኋት ነው የመሰለኝ» ብሎኛል፤ ቃል በቃል። ቅናት እንደ ጥርስ ሕመም ነው፤ ሥራ ስትይዝ ትረሳዋለህ፣ ጋደም ስትል ይነሳብሃል። ሰውዬው ማታ ሚስቱ ስታናግረው ግድግዳ ግድግዳውን ያይ ጀመር።

አንድ ቀን መምህራን ክፍል ሻይ ሲጠጡ አልቻለም።

«እትዬ ሰፊነሽ፣ ማሽኑ ሳያስቸግርዎት አልቀረም። ቶሎ ቶሎ ሲቆም እሰማለሁ።»

«ማሽኑስ ደህና ነው። የማስቸግረው እኔ ነኝ።»

«ላስቲኩንም ልጆቹ ልጠውታል አሉ።»

«ልጠውታል። ሲነኩት እምቢ አላቸዋ።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ያንተስ?»

«የኔማ እንደ አዲስ ነው።»

«እሰይ» አሉ፤ ከልባቸው ነበር። ከልባቸው መሆኑ ነው አንጀቱን ያሳረረው። ቢያሾፉበት ይቀለው ነበር። ታክሲ ላይ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ጽሑፍ አይተህ የለ? እሱ እየተቃጠለ፣ ሴትዮዋ ምቀኛ እንዳላቸው እንኳ አያውቁም።

ሰኔ ገባ። የዘንድሮው ሞዴል ከሁለቱ አንዳቸው እንደሚሆኑ ተሰማ፤ የወረዳው ሱፐርቫይዘር አርብ ጠዋት መጥቶ ሥራቸውን አይቶ ይወስናል ተባለ። ሐሙስ ዕለት ደወሉ ተደውሎ ሁሉም ወደየክፍሉ ሲሮጥ፣ ሰውዬው መምህራን ክፍል ጠረጴዛው ላይ የቀረች አንዲት ደብተር አየ። ጠርዟ የተበላ፣ ሽፋኗ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ያለባት። የእትዬ ሰፊነሽ ደብተር ናት። ከዚያ ክፍላቸው ድረስ ሃያ እርምጃ ነው። ቢፈልግ አድርሶላቸው ይመለስ ነበር።

ከፈታት።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ግቤ፦ በዚህ ማሽን ምክንያት ዝምተኞቹ ልጆች እንዲናገሩ» ይላል። ቀጥሎ ቀን በቀን ተጽፏል። «ጥቅምት ፲፪። የልብን ሥራ አሳየሁ። ሁሉም በጸጥታ አዩ። ስጠይቅ የመለሰ የለም። አልተሳካም።» «ጥቅምት ፲፱። መሀል ላይ እያቆምኩ ጠየቅኩ። የመለሱት እነዚያው አምስቱ ናቸው፤ ሌሎቹ አምስቱን ሰሙ። አልተሳካም።» «ኅዳር ፫። መጨረሻውን ሳላሳይ አጠፋሁና ቀሪውን በጭቃ ሥሩት አልኩ። ሽታዬ የደም መመለሻውን ቧንቧ ገልብጣ ሠራችው። መልሼ ሳሳያት ስህተቷን ራሷ አገኘች፤ ከመስከረም ወዲህ ድምፅዋን የሰማሁት ዛሬ ነው። ሌሎቹ ግን በጭቃው ተጫወቱ። ግማሽ።» ደብተሯ እንዲህ እያለች እስከ መጨረሻው ትሄዳለች።

ቅናት ዓይን አለው፤ ማንበብ ግን አይችልም። ሰውዬው ሽታዬን አላያትም። ያየው «አልተሳካም» የምትለዋን ብቻ ነው። ቆጠራት። ሠላሳ አንድ ጊዜ። በሆዱ ሠርግ ተደገሰ። ደብተሯን ኮቱ ውስጥ ከተታት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እዚህ መጣ። ሪፖርቱን ባለቀለም ሽፋን አስደረገ፣ በስፓይራል አስጠረዘ፤ ሽፋኑ ላይ የስክሪኑን ፎቶ ከነዳንቴሉ አስገባሁለት። ሲያፏጭ ነበር። እኔም ምን አውቄ፣ «ቲቸር፣ ዘንድሮስ የርስዎ ነው» አልኩት።

አርብ ሱፐርቫይዘሩ መጣ። ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ሰውዬው ሪፖርቱን ሰጠው። ከሪፖርቱ ሥር ደብተሯን አስቀመጠ።

«ክፋት አይምሰልብኝ» አለ፤ «እውነቱ ይታወቅ ብዬ ነው።»

ሱፐርቫይዘሩ ሪፖርቱን ገለጥ ገለጥ አደረገው። ቶሎ ጨረሰ፤ መቶ በመቶ ምን ይነበባል? ደብተሯን ግን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አነበባት። አንዳንድ ቦታ ተመልሶ አየ። አንድ ገጽ ላይ ፈገግ አለ። ሰውዬው «ሠላሳ አንዱን እየቆጠረ ነው» ብሎ አሰበ። ሱፐርቫይዘሩ ተነሳና «ክፍልህን እንየው» አለው።

ገቡ። ተማሪዎቹ ብድግ ብለው ተቀመጡ። ስክሪኑ ነጭ ዳንቴሉን ለብሶ ፊት ለፊት እንደ ሙሽራ ቆሟል። ሱፐርቫይዘሩ በጣቱ አመለከተና «ልጆች፣ በዚህ ማሽን ዘንድሮ ምን ተማራችሁ?» አለ።

ሰውዬው ከኋላ ሆኖ በዓይኑ ይማጠናል። የፊተኛውን ልጅ አየው፤ ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በመጨረሻ አንዲት ጎበዝ ልጅ እጇን አውጥታ ተነሳች። ልታስደስተው ነው የፈለገች፤ ታስታውቃለች።

«ዳንቴሉን ከመንካታችን በፊት እጃችንን መታጠብ» አለች።

የሳቀ ልጅ የለም። ልክ ነበረቻ።

ልክ በዚያች ሰዓት ከግድግዳው ማዶ ያ የጎል ጩኸት ተሰማ። ልጆቹ በሙሉ አንገታቸውን ወደዚያ አዞሩ። ሱፐርቫይዘሩም አዞረ። ሰውዬው «ያኔ እኔም አዞርኩ» ብሎኛል፤ «ዓመቱን ሙሉ እንደ ጠላት ስሰማው የኖርኩትን፣ ያን ቀን ምነው እዚያ ተቀምጬ በተማርኩ እያልኩ ሰማሁት።»

በረንዳው ላይ ሲወጡ ሱፐርቫይዘሩ «ደብተሯን እሳቸው ናቸው የሰጡህ?» አለው።

«ጠረጴዛ ላይ ቀርታ... አገኘኋት።»

«ሞዴሉ እሳቸው ናቸው፤ ከሰዓት ይነገራል። ደብተሯን አንተው መልስ። በእጅህ።»

ሃያ እርምጃ ነበር አላልኩህም? ከበረንዳው ደግሞ ያንንም አይሞላም። ያን ቀን ግን ከዚህ እስከ መናኸሪያ ያህል ራቀው።

አየህ ወንድሜ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። አትቆጣ። ሥራ ከጀመርክ ገና ዓመት አልሞላህም፣ ቅጽህን ይዘህ የመጣኸው ግን ዳንቴል ልታሠራ ነው። «ሌሎቹ ምን ብለው ሞሉ» ማለት ጆሮን ግድግዳ ላይ መለጠፍ ማለት ነው። የጎረቤትህን ጩኸት ስትለካ የራስህ ክፍል ዝም ማለቱን አትሰማም። ማሽኑን ስንቴ እንዳበራህ ማንም ይጽፍልሃል፤ እኔም እጽፍልሃለሁ፣ ሥራዬ ነው። ስንት ልጅ እንደተናገረ ግን ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም። ምን ያህል እንደተራመድክ ማወቅ ከፈለግክ ትናንት የሳትክበትን ቦታ ፈልግና እሱን ጻፍ፤ ነገ ከዚያ ካለፍክ፣ ሄደሃል ማለት ነው። ሠላሳ አንድ ጊዜ «አልተሳካም» የጻፈ ሰው ሠላሳ አንድ ጊዜ ሞክሯል። መቶ በመቶ የሞላው ደግሞ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም። በሰው የምትቀናው ያላየኸውን ሥራውን ትተህ የሰማኸውን ጭብጨባ ብቻ ስለምትቆጥር ነው።

መብራቱም መጣ። ቅጽህን አንሳው፤ ባዶውን ይዘህ ሂድና ነገ ሞልተህ አምጣው።

እትዬ ሰፊነሽስ ምን አሉት ነው የምትለኝ? በራቸው ላይ ሲደርስ ጠመኔ ይዘው ቆመዋል። ደብተሯን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። «አንብቤዋለሁ» አለ። «ለሱፐርቫይዘሩም የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ለክፋት ነው።» ሴትዮዋ አዩት፣ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉና፣ ደብተሯን ሳይቀበሉት፣ ከልጆቹ መሀል አንድ ወንበር ሳቡለት።

«ካነበብከው አይቀር» አሉት፣ «ና ተቀመጥና የት ላይ እንደምስት ንገረኝ።»