የአቶ ስንሻው ቮልቴጅ

በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ውስጥ እጇ የረጋ፣ ምላሷ ግን የማይረጋ አንዲት በያጅ ነበረች። አንድ ቀን ስስ ላሜራ ልትበይድ የማሽኑን ቮልቴጅ ዝቅ፣ ከማሽኑ እየወጣ የሚቀልጠውን የመበየጃ ሽቦ ፍጥነትም ቀነስ አድርጋ ስታስተካክል፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ አቶ ስንሻው ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶች አስከትሎ ደረሰ።

«ይህን የሚያህል ማሽን ገዝተን በግማሽ ጉልበቱ ታሠሪዋለሽ?» ብሎ ጮኸባት።

«ላሜራው ስስ ነው ጌታዬ፤ ቀልጦ ይበሳል።»

«አለቃው ማን ነው? እስከ መጨረሻው ክፈቺው! እምቢ ካልሽ ዛሬውኑ ትሰናበቻለሽ።»

እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ገና መበየድ ስትጀምር ላሜራው ቀልጦ ተንጠባጠበና ቡጢ የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፈተ።

አቶ ስንሻው አፈረ። ጥፋቱን እሷ ላይ ሊለጥፍ ፈልጎ ጣቱን ወደ ቀዳዳው ቀሰረ።

«ይኼ ምንድን ነው? እስቲ ለእንግዶቹ አስረጂ!»

ራሷን ብትወቅስ መባረር ነው፤ እሱን ብትወቅስም ያው መባረር ነው። በያጇ የፊት መከላከያዋን ወደ ላይ ገፋ አደረገችና፣ በቀዳዳው የሚታየውን ወለል አይታ፣ በትሕትና እጅ ነሳች።

«የእርስዎ መመሪያ ነው ጌታዬ። ሳይሸራረፍ እስከ ታች ወርዷል።»

እንግዶቹ በሳቅ ሲንከተከቱ አቶ ስንሻውም ሳይወድ በግድ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላ ደግሞ እንዴት አድርጎ ያባርራት?