አያ ዝንጀሮ ከባሕር ያወጣው ጣፋጭ ውሃ

ድሮ ድሮ፣ ዓሣ እንኳ አፍ አውጥቶ በሚከስስበት ዘመን፣ ስሙ በተረሳ አንድ የባሕር ዳር አገር ዝናብ ጠፋ። ምንጩ ነጠፈ፤ የአራዊቱ ምላስ ከላንቃቸው ተጣበቀ። ያ ሁሉ ባሕር ፊት ለፊታቸው ተንጣሎ እያዩት በጥም ሊያልቁ ሆነ።

ይኼኔ ብልጡ አያ ዝንጀሮ ትልቅ ጋን ጣደ። የባሕሩን ውሃ አፈላና ከክዳኑ ሥር የሚንጠባጠበውን ላቦት አጠራቀመ። ቢቀምሱት ማር! ጨው የሚባል የለውም። አራዊቱ እጅ መንሻ ይዘው ተሰለፉ፤ የአያ ዝንጀሮ ሆድ ከበሮ አከለ።

ጋኑ ውስጥ የሚቀረውን መራራ አተላ ግን ባሕሩ ወደ ምድር ገባ ካለበት ጥግ ይደፋዋል። ያ ጥግ ደግሞ እመት ሸርጣን ልጆቿን የምታሳድግበት ነው። የባሕሩ ሣር ጠወለገ፤ የዓሣው እንቁላል ሳይፈለፈል ነጣ። አንድ ቀን ጠዋት ከልጆቿ አንዱን ሞቶ ተገልብጦ አገኘችው። እንባዋን ዋጥ አድርጋ ወደ አያ ዝንጀሮ ወጣች።

"አያ ዝንጀሮ፣ ኧረ ስለ ፈጣሪ! አተላህ ፈጀን!"

"አንቺ ደግሞ! ጨው ከባሕር ወጣ፣ ጨው ወደ ባሕር ገባ፤ ታዲያ ምን ጎደለ?"

ዓሦቹም ብቅ ብለው ለመኑት። "ጨው ከባሕር ወጣ፣ ጨው ወደ ባሕር ገባ፤ ታዲያ ምን ጎደለ?" አለና ሆዱን እያሻሸ ተኛ።

ከባሕር ወገን በየብስ መሄድ የምትችለው እመት ሸርጣን ነበረችና ወክለው ወደ ዳኛው ወደ አያ አንበሶ ላኳት። እጅ ነስታ ከሰሰች። አያ አንበሶ ግን የዝንጀሮን ውሃ ጠጥቶ ጢሙን ገና አልጠረገም።

"ጌታዬ፣" አለ ተጠርቶ የመጣው ዝንጀሮ፣ "ጨው ከባሕር ወጣ፣ ጨው ወደ ባሕር ገባ፤ ታዲያ ምን ጎደለ?"

"እውነቱን ነው! ምን ጎደለ?" አለ አንበሳው።

እመት ሸርጣን ልቧ እርር አለ። አንደበቷን ግን አለዘበች።

"እንግዲያው ክሴን አንስቻለሁ። ስሙን ስላጠፋሁ ለካሳ ያህል ቤቴ ልጋብዘው። እስከ ጀንበር መጥለቂያ ከእኛ ጋር ይዋል፤ የዛሬውም አተላ እንደ ወትሮው ይደፋ።"

"መልካም! ምንም ካልጎደለ ምን ያስፈራዋል?" አለ አንበሳው።

አያ ዝንጀሮ እምቢ ቢል መረታቱ ነው። አንበሳውና አራዊቱ እየተከተሉት ወደ ሸርጣን ጥግ ወረደና፣ ጅራቱን ሰብስቦ ባሕሩ ውስጥ እስከ አንገቱ ገባ። መቀመጫው እንደሆነ ዕድሜ ልኩን በድንጋይ ሲፋቅ የኖረ ነው! ሁለት ጎረምሳ ጅቦች ጋኑን ተሸክመው መጡና አተላውን ገለበጡት።

"ኡኡ! ዓይኔን! ኡኡ! መቀመጫዬን!"

"ምን ጎደለ፣ አያ ዝንጀሮ?" አለች እመት ሸርጣን።

"ንጹሕ ውሃ ጎደለ! ኧረ አውጪኝ፣ እሜቴ!"

አራዊቱ በሳቅ ተንከተከቱ። አያ አንበሶም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ከሰመ።

"እኛም እኮ ጠጥተናል፣" አለ ቀስ ብሎ።

ከዚያም ፈረደ። ውሃው አይቅር፤ አተላው ግን አንዲት ጠብታ ወደ ባሕር አይመለስ። የጠጣ ሁሉ ከባሕሩ ራቅ ብሎ ጉድጓድ ይቆፍር፤ ዝንጀሮ ተሸክሞ ይድፋበት፤ ፀሐይ ታድርቀው። ዝንጀሮ እያቃሰተ ተሸከመ፤ አንበሳውም በገዛ ጥፍሩ ቆፈረ። የሞተው ልጅ አልተመለሰም። ሣሩ ግን ብዙ ቆይቶ አቆጠቆጠ፤ እመት ሸርጣንም የቀሩትን ልጆቿን ከሥሩ አስገባቻቸው።

እናላችሁ ልጆቼ፣ ጣፋጩን የጠጣ፣ የመራራውን ዕዳ ይወጣ።