ነጥብ መቼ መስመር ይሆናል?

ምላሱ የማያርፍ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን አንድ ኩራተኛ ፕሮፌሰር ያላለቀ ሱሪውን ከእጁ ነጥቆ ለበሰና ወደ ስብሰባ አዳራሽ ከነፈ። ልብስ ሰፊውም «ኧረ ይቆዩኝ!» እያለ ተከተለው።

ፕሮፌሰሩ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ «የተበተኑ ነጥቦች መቼ መስመር ይሆናሉ? ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልፈቱትም። እኔ ግን ደረስኩበት! የመስመሩን መንገድ በየቦታው ከግማሽ በላይ ከሞሉ፣ መስመር ናቸው በቃ!» ሲል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ልብስ ሰፊው ግን ሳቁ አመለጠው።

«አንተ መርፌ ያዥ! ወይ ስህተቴን አሳየኝ፣ ወይ ተንበርክከህ ይቅርታ ጠይቅ!»

«ጌታው፣ እኔ ምን አውቃለሁ?» አለ እንባውን እየጠረገ። «የሱሪዎ መቀመጫ የተሰፋው ልክ እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ስፌቱ በየቦታው ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። እስኪ ቁጭ ይበሉና ሁላችንም እንየው።»

ፕሮፌሰሩ የዚያን ቀን ምሳውንም ቆሞ በላ።